ቀመስ አድርጌያለሁ

«ቀመስ አድርጌያለሁ» ያለ ሰው በላ አይባልም፤ ጦሙን ዋለም አይባልም። አንድ ቁራሽ ዳቦ የጎረሰም፣ ምንም አፉ ያልገባም እኩል ይላታል። ቃሏ በሩን ገርበብ አድርጋ የምትተው የይሉኝታ ቃል ናት። የገባው ሰው ሲሰማት «በሞቴ፣ ትንሽ» ብሎ ይደግማል። ያልገባው ሳህኑን ያነሳል። እኔ የማውቃት ሴት ዕድሜ ልኳን በሩን ገርበብ አድርጋ ኖራለች፤ ገፋ የሚያደርግላት ግን አልነበረም።

ስሟን ትተን ቅምሻ ነበር የምንላት። በፋብሪካው ምግብ ቤት እሷ ታበስላለች፣ እኔ ድስት አጥባለሁ። ተቆጣጣሪያችን ማድ ቤት ውስጥ የሚያላምጥ ሰው ማየት ሞቱ ነው። ስለዚህ ቅምሻ ከጭልፋው እጇ ጀርባ ላይ ጠብ ታደርግና ትልሳለች፤ ጨው አነሰ፣ ጨው በዛ ብላ ታልፋለች። በቃ፣ ቀመሰች የሚባለው ይኸው ነው። ሠራተኛው እንደሆነ ድስቱን አሟጦ ነው የሚሄደው፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ያረረው ነበር፣ እሱንም በሽቦ ነበር የምፍቀው። ለማድ ቤት ሰው በቀን አንድ አንድ ዳቦ ይታደላል። እኔ የኔን እዚያው ቆሜ እገምጣለሁ። የሷ በመሐረብ ተጠቅልሎ ቦርሳዋ ውስጥ ይገባል።

ቤት እህቷ ሞታ የተወችላት ሦስት ልጆች ነበሯት። ማታ ሾርባውን ስትቀዳላቸው ትልቋ «አንቺስ፣ አክስቴ?» ትላታለች።

«እኔ ሥራ ቦታ ቀመስ አድርጌያለሁ፤ እናንተ ብሉ።»

ዳቦውንም «የተረፈ ነው» ብላ ትቆርስላቸዋለች። አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ጉልበቷ ከዳትና ደገፍኳት። «አንቺ ሴትዮ፣ ራበኝ ማለት ያስቀስፋል እንዴ?» አልኳት።

«ልጆቹ ካወቁ ይሳቀቃሉ። የተሳቀቀ ልጅ ደግሞ የበላው አይረጋለትም» አለችኝ።

ልጆቹ ሳይሳቀቁ አደጉ። ጡረታ ስትወጣ ትልቋ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ይህን አልክድም፤ ክፍሏ ንጹሕ ነው፣ አልጋዋም የሚያስተኛ ነው። ልጠይቃት የሄድኩ ቀን ግን ደነገጥኩ። ቀሚሷ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሰው ያለበት አይመስልም።

«አሞሻል?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«ምሳ በላሽ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት በሩን አየት አደረገች። «ሲጠሩኝ ቀምሻለሁ አልኩ። እነሱ አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቁት።»

«ታዲያ ራበኝ በያቸዋ።»

«አፌ አልለመደውም» አለችና እንደ ልጅ አፈረች።

ደሜ ፈላ። ተነስቼ ሳሎን ሄድኩ። ትልቋ ለባሏና ለልጆቿ ሩዝ እያወጣች ነበር። «ለአክስትሽስ?» አልኳት።

«ቀምሻለሁ ብላለች እኮ፣ እትዬ። የሷን ነገር አያውቁም?» ሳቀች፤ ሳቁ ግን የጥርስ ነበር። «ድሮም እንዲህ ናት። እኛ ውሃ የሆነ ሾርባ ስንጠጣ እሷ እዚያ ጠግባ ነበር የምትመጣው። የተረፋትን ዳቦ ታመጣልናለች፤ ሥጋውን ግን አንድ ቀን አላየነውም። ልጅ ሆኜ እንዴት እንደምናደድባት! አሁን ይቅር ብያታለሁ።»

ይቅር ብያታለሁ አለችኝ፣ ጭልፋዋን እንደያዘች። ብዙ ነገር ችዬ አልፌያለሁ፤ ይህን ግን አልቻልኩም።

«ስሚ ልጄ፣ ያ ዳቦ...» ብዬ ስጀምር እጅጌዬ ከኋላ ተሳበ። ቅምሻ ናት፤ ግድግዳ ይዛ መጥታ ሁሉንም ሰምታለች። ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ «ተይ» አለችኝ። «ያኔ የበላችውን አሁን ታስተፊያታለሽ?»

«ዳቦው ምን?» አለች ትልቋ።

«ይጣፍጥ ነበር ልትልሽ ነው» አለች ቅምሻ። «እውነትሽን ነው ልጄ። ጠግቤ ነበር የምመጣው።»

«ይኸው፣ እኔ ምን አልኩ?» አለችኝ ትልቋ። ከዚያ ለወጉ ያህል ወደ አክስቷ ዞራ «ትንሽ ላውጣልሽ?» አለቻት።

አዎ በይ ብዬ ፈጠጥኩባት። ቅምሻ የሩዙን እንፋሎት እያየች ምራቋን ዋጠች።

«ቀመስ አድርጌያለሁ» አለች።

በሞቴ ማለት የቤቱ እመቤት ፈንታ ነው፤ እኔ እንግዳ ነኝ። ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። ልጅቷ የድስቱን ክዳን ገጠመች።