የወፍ አከራዩ ወንድሜ

ዝናቡ ሲያባራ፣ ረግረጉ ዳር ያለው ቤታችን በጠዋት በወፍ ጫጫታ ይሞላ ነበር። እናታችን «እነዚህ ደግሞ ጀመራቸው!» እያለች መስኮቱን ብትዘጋም ከጫጫታው አታመልጥም። 

ታላቄ፣ ወንድም ጋሼ የምለው፣ ሸምበቆ እያጨደ ምንጣፍና አጥር ይሠራ ነበር። ቢጫዎቹ ወፎች ጎጆአቸውን ከውሃው በላይ፣ ሸምበቆው ጫፍ ላይ ያንጠለጥላሉ። እሱ ጎጆ ያለበትን አይነካም፤ ጨርቅ ያስርበትና ጫጩቶቹ እስኪበሩ ይተወዋል። ሌሎቹ አጫጆች ይስቁበታል።

«የወፍ አከራይ! ዘንድሮስ ኪራይ አልጨመርክም?»

«ለእናንተ ከማከራይ ለነሱ ይሻለኛል። ሰክረው አይገቡም።»

ኋላ የእርሻ ድርጅት ሰዎች ረግረጉን አድርቀው እርሻ ሊያደርጉት መጡ። አጫጆቹ ቦይ አናስቆፍርም ብለው መንገዱ ላይ ተቀመጡ። የቦይ ሥራው አለቃ ወንድሜን ለብቻው ጠራው።

«ምንድነው የምትፈልገው፣ ጋሼ?»

«ጨርቅ ያሰርኩበትን ሸምበቆ እንዳትነኩብኝ።»

«ይሄ ብቻ? አንዲት ዘንግ አትነካም!»

የኔ ሞኝ ደስ ብሎት ሄደና ጓደኞቹን ለምኖ ከመንገዱ አስነሳቸው።

አለቃው ቃሉን አላጠፈም፣ ይህን አልክድም። ሸምበቆው አልተቆረጠም። ቦዩ ግን ውሃውን ጠራርጎ ወሰደው። ጎጆዎቹ ከደረቅ መሬት በላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። ድሮ ውሃው የሚያግዳቸው አይጥና ድመት አሁን በእግራቸው እየመጡ ጫጩቶቹን ለቀሟቸው። ወንድሜ ዱላ ይዞ ሲያባርር ይውላል፤ ዘወር ሲል ይገባሉ። አንድ ቀን ባዶ ጎጆ ይዞ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ሸምበቆውን ለመንኩ እኮ፣ አንቺዬ። ውሃውን ሳልለምን።»

ጎጆውን ከእጁ ተቀበልኩት። አጫጆቹ ግን «ሸጠን» አሉ። ሰላምታ ነሱት። አብሮት ያደገው ሰው እንኳ ሲያየው መንገድ ይቀይር ጀመር።

በሚቀጥለው ዓመት ቢጫዎቹ አልመጡም። ቁራና ድንቢጥ እርሻውን ወረሱት፤ ምንጣፍ ሥራውም ቀረ። ወንድሜ ወጥቶ ይሄዳል፣ አምሽቶ ይመጣል፣ ወዴት እንደሆነ አይናገርም። በመጨረሻ ወፎቹን አገኛቸው፤ ከተማው ማዶ፣ ቆዳ ፋብሪካው ፍሳሹን የሚያጠራቅምበት ኩሬ ውስጥ። ዳር ዳሩን ሸምበቆ በቅሎበታል። እሱም እዚያው በዘበኝነት ተቀጠረ።

አንዴ አፍንጫዬን ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። ወፎቹ ከማዳበሪያ ጆንያ በሚመዙት ክር ጎጆ ይሠራሉ። እሱ ያስለዋል።

«ወንድም ጋሼ፣ በዚህ ሽታ ልትሞት ነው። ቤት እንሂድ።»

«ውሃ አለው» አለኝ። ዓይኑን ከሸምበቆው አላነሳም።

ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። እስከማውቀው ድረስ የፋብሪካው ዘበኛ ነው፤ ኩሬው ዳር ባለችው የቆርቆሮ ቤት ይኖራል።