አንዲት የወንጌል መስመር

ባለፈው ሳምንት ወደ ዓባይ ማዶ ስሻገር አንድ ሰውዬ እርጥብ የፍየል ቆዳ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ባጃጁ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ አልያዝሁም፤ ሽታው ሹም አቦ ሰፈር ወደነበረው የአያቴ ጓሮ ይዞኝ ሄዷል። የተወጠረ ቆዳ ሲፋቅ የሚያሰማው ድምፅ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። ወዲያው ደግሞ የጥንቱ ንዴቴ ተከተለ።

አያቴ ብራና ጸሐፊ ነበሩ። ቆዳውን ራሳቸው ይፍቃሉ፣ ራሳቸው ያሰምራሉ፣ በመቃ ብዕር ራሳቸው ይጽፋሉ። እኔ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ። ሰንበት ትምህርት ቤታችን የጥያቄና መልስ ውድድር ሲያዘጋጅ አንዱ ጥያቄ ‹ቅዱስ መጽሐፍን ማን ጻፈው? ለምንስ ተጻፈ?› የሚል ነበር። ጸሐፊ ቤቴ ተቀምጦልኝ ምን አስጨነቀኝ ብዬ ወደ እሳቸው ሄድሁ።

«አባባ፣ ወንጌልን ማን ጻፈው?»

«መጀመሪያ ፍየሏን ብንጠይቃት አይሻልም?» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ሁለት መስመር መልስ ፈልጌ ስለ ቆዳ አፋፋቅና ስለ ቀለም አበጣበጥ አንድ ሰዓት ሙሉ አዳመጥሁ። ቢጨንቀኝ ‹እሺ፣ ለምን ተጻፈ?› አልኋቸው። «ማንበብ የማይችል ሰው እንዲሰማው» ብለው ወደ ብራናቸው ተመለሱ። ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት መልስ ነው? አስተማሪያችን ብትሰማው ዜሮ ነበር የምትሰጠኝ።

በዚያ ሰሞን ደቅ ደሴት ላይ ላለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ወንጌል እየጻፉ ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ የማናበቡ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። እሳቸው አዲሱን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ አሮጌውን ቅጂ በጣቴ እከተላለሁ፤ የጎደለ ካለ አስቆማቸዋለሁ። ግእዙ አይገባኝም፤ ፊደሉን ብቻ ነው የማየው። ያልተናበበ ቅጠል ከቤታቸው ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጓደኞቼ ለውድድሩ ልንለማመድ ሐይቁ ዳር ይጠብቁኛል። አያቴ ደግሞ በየቃሉ መሐል ትንፋሽ ይወስዳሉ። ጣቴ ብራናው ላይ ነበር፣ ዓይኔ ግን ከአጥሩ በር አልተነቀለም።

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው፣ አባባ።»

ሦስት ቅጠል እንዲህ አሳለፍሁ። ውድድሩን አሸነፍሁ። ቅዱሳን ሰዎች በመንፈስ ቅዱስ ተመርተው ለመዳናችን ጻፉት ብዬ የሸመደድሁትን አወረድሁት፤ ተጨበጨበልኝ።

መጽሐፉ ደቅ በደረሰ በወሩ አንዲት መስመር ጎድላለች የሚል መልእክት በጀልባ መጣ። አያቴ «ስንት ሰው ሳይሰማት ቀረ» ብቻ አሉ። ቀለማቸውን ይዤላቸው አብረን ሄድን። የደብሩ አለቃ ሰው በተሰበሰበበት «እርስዎን የመሰለ ጸሐፊ እንዴት መስመር ይዘላል?» አሏቸው። ልናገር አፌን ስከፍት አያቴ ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ የዘለልሁት፣ አባ። ይቅር ይበሉኝ።»

ቦታዋን በምልክት አሳይተው የጎደለችውን መስመር በገጹ ጠርዝ፣ ሕዳጉ ላይ ጻፏት። ሲያልቅ አያምር ሆነና ሳያናብብ ይሰጣል የሚል ወሬ ተነዛባቸው፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ሰው አላስጻፋቸውም።

ስንመለስ ጀልባው ላይ ጮህሁባቸው። «ለምን እኔ ነኝ ይላሉ? ሳልከተል ልክ ነው ያልሁት እኔ ነኝ እኮ!» ጥፋተኛዋ እኔ፣ የተቆጣሁትም እኔ።

«መቃውን የያዘው ማን ሆነና ነው?» አሉ። «የሚጠየቅ የጻፈ ነው።»

እስኪሞቱ ድረስ ነገሩን አንድም ቀን አላነሡብኝም። አንድ ጊዜ ቢቆጡኝ ምን ነበረበት? ቢቆጡኝ ይወጣልኝ ነበር። እሳቸው ግን ቆዳ የሚወጥሩበትን እንጨት ፈትተው ግድግዳ ሥር አስደግፈው ጓሮው ውስጥ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ እኔም እንዳላገኛቸው በፊት በር እገባለሁ።

ባጃጁ ውስጥ ያ ሽታ ካገኘኝ በኋላ እሑድ ደቅ ሄድሁ። የድሮው አለቃ አርፈዋል። አንድ ወጣት ቄስ መጽሐፉን ደጀ ሰላሙ ላይ አወጡልኝና ያቺ ሕዳግ ጋ ሲደርሱ እንደማፈር አሉ።

«ጸሐፊው ዝንጉ ነበሩ መሰል፤ እዚህ ጋ መስመር ዘለዋል።»

«ጸሐፊው ዝንጉ አልነበሩም» አልሁ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ወጣ፤ ደጀ ሰላሙ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞሩ። «የምታናብባቸው ልጅ ናት ያሳለፈችው። እኔ ነኝ።»

ቄሱ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉና ቅጠሉን ገለጡ።

ይኸው ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን ያልተናገርሁት ጥቂት ቃል። ሰው ሁሉ ሰማኝ፣ አያቴ ብቻ ሳይሰሙኝ ሄዱ።