ዘጠኝ ሜትር የቃጫ አንጀት

ቡታጅራ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ክፍል ውስጥ ድምፄን የሚሰሙት ፊት ዴስክ ላይ የሚቀመጡት ብቻ ነበሩ። ምክትል ርእሰ መምህራችን መጀመሪያ ሲገመግሙኝ ከኋላ ስለተቀመጡ ወረቀቱ ላይ የጻፉት አንድ መስመር ነው፤ «ድምፅ አይሰማም።» የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል አንድ ግምገማ ቀረኝ። እሱም ካልተሳካ ቋሚ አልሆንም፤ ጓዜን ጠቅልዬ ጉንችሬ፣ እናቴ ቤት መመለሴ ነው።

የግምገማው ዕለት ትምህርት ምግብ በሰውነታችን ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ ሆነ። አፍ፣ ጉሮሮ፣ ጨጓራ ምንም አያሳፍሩም። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ቃል አለ። ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ስንማረው ቃሉ እንደ ሐኪም ጋዋን ንጹሕ ነበር፤ በአማርኛ ሲሆን እናቴ በመስኮት የምትሰማኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ትልቁ አንጀት ላይ ስደርስ ቀስ እያልኩ ደወሉን ለመጠበቅ ወሰንኩ።

ለማሳያ የሚሆን ገመድ አከራዬን ለመንኳቸው። የላማቸውን የቃጫ ገመድ ሰጡኝ፤ ሌላ ሁለት ቀጣጠልንበትና ዘጠኝ ሜትር ያህል መጣ። ይህ ሁሉ ሆዳችን ውስጥ ተጠቅልሎ እንደሚኖር ስነግራቸው ወገቤን አየት አድርገው ያንቺስ ይህን ያህል አይሆንም አሉ። የማልደፍረው ቃል እንዳለም ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ምኑ ያሳፍራል? ልጆቹም ይበላሉ፣ ያወጣሉ። የሚገመግሙሽ ሰውዬም እንደዚያው ናቸው።»

ገመዱ ክፍል ውስጥ አልዘረጋ ስላለኝ ተማሪዎቹን ወደ ግቢው አወጣኋቸው። አፍ ከክፍሉ በር ጀመረ። ጨጓራው ገመዱ ላይ ያሰርኩት ፌስታል ነው። ሌላው ቀጥ ብሎ ሄዶ ግቢው ውስጥ ያለው የዋንዛ ዛፍ ሥር አለቀ። ቀና ስል ምክትሉ ጥላ ፈልገው ወንበራቸውን እዚያው ዋንዛ ሥር አድርገዋል። የገመዱ ጫፍ በተወለወሉት ጫማዎቻቸው መካከል ተጋድሟል። ይነሡልኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው «እንደምን አደሩ» ነው።

የክፍሉን ደፋር ልጅ የቆጮ ጉርሻ አደረግኋት። እሷ ገመዱን ተከትላ ትሄዳለች፤ እኔ በየደረሰችበት የሚደርስባትን እናገራለሁ። አፍ ላይ ጥርስ አደቀቃት፣ ምራቅ አራሳት። ከዚያ ጉሮሮው ቁልቁለት መስሏት ልትሮጥ ስትል አስቆምኳት። ሰው ተዘቅዝቆ ቢውጥም ምግቡ ጨጓራ ይደርሳል፤ የሚወስደው ከኋላ እየጨመቀ የሚገፋው ጡንቻ ነው አልኩ። ጓደኞቿ ይህን ሲሰሙ ጡንቻ ሆነው ገፏት። ፌስታሉ ዘንድ በአሲድ እየታሸች ጥቂት ሰዓታት መቆየት ነበረባት፤ በአንድ ደቂቃ ለቀቅናት። ትንሹ አንጀት የገመዱን አብዛኛውን ይዟል። እዚያ የሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ ተቀበላት፤ የሚጠቅመው ነገሯ ሁሉ በአንጀቱ ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ገባ።

«አንቺ፣ አልቀሻል እኮ፤ የቀረሽው ገለባ ነሽ» አላት አንዱ ከኋላ።

«ገለባም ብሆን መንገዴን አልጨረስኩም» አለችው።

ትልቁ አንጀት ደረሰች። የቀረው ውኃዋ ተመጠጠ። እኔም ስለ ውኃው መመጠጥ አወራሁ፣ ደግሜ አወራሁ። ደወል የለም። ዞር ብዬ ሳይ ደወል መቺው ዘበኛ ብረቱን እንደያዘ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ጉርሻዋ የት እንደምትደርስ ሊያይ ነው።

ልጅቷ የምክትሉ ጫማ ፊት ደርሳ ቆመች።

«ቲቸር፣ እኔ ከዚህ ወዴት ነው የምሄደው?»

ምክትሉ ደስ አላቸው። «ጥሩ ጥያቄ ነው። ይመለስላት።»

ቃሉን ተናገርኩ፤ ከከንፈሬ ግን አላለፈም።

«አልተሰማም» አሉና እስክሪብቷቸውን አነሡ።

ያችን አንድ መስመር ሊደግሟት እንደሆነ ገባኝ። የእናቴ ቤት በር ታየኝ።

«ፊንጢጣ ነው» አልኩ። «እርስዎ እግር ሥር ነው። መውጫዋን ዘግተውባታልና ወንበርዎን ፈቀቅ ያድርጉላት።»

ድምፁ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ጎረቤት ክፍል ሲያስተምር የነበረው መምህር ዝም አለ፤ መስኮቱም በተማሪ ራስ ሞላ። ምክትሉ ወደ ጫማቸው አጎነበሱ፣ ገመዱን በዓይናቸው ተከትለው እስከ ክፍሉ በር ሄዱ፣ ተመለሱ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡና ወንበራቸውን ይዘው ሦስት እርምጃ ራቁ። ልጅቷ «ይቅርታ ጋሼ» ብላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ አለፈች። ያን ጊዜ ዘበኛው ደወሉን መታ።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። ቋሚ እንድሆን ተወስኗል። «ድምፅ ይሰማል» ይላል፤ ከሥሩ፣ አስተያየት በሚለው ቦታ፣ በጥንቃቄ በተጻፈ ፊደል፦ «ለወደፊቱ የገምጋሚው መቀመጫ አስቀድሞ ቢታሰብበት።»

ትክክል ነው ብዬ ፈረምኩበት።