እርሙ ያልወጣለት ወንድሜ

መርሳ ላይ አቡጀዲ የሚሸጥ ሰው ሳይወድ በግድ ከሞት ጋር ይተዋወቃል። ክርስቲያኑ ለመግነዝ፣ ሙስሊሙ ለከፈን ከእኔው ሱቅ ያስቀድዳል፤ ተቻኩሎ ስለሚመጣ የሚከራከረኝ የለም። ለስንቱ ለክቼ ስሰጥ ኖሬ፣ ለታናሽ ወንድሜ ግን የምለካለት ሬሳ አጣሁ። ጦርነቱ እኛ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ከመርሳ ወደ ወልዲያ በእግሩ ሲሄድ ያዩት አሉ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

እኛ አገር ሰው ርቆ ከሞተ፣ ሬሳው ባይገኝም ልብሱ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ይለቀስለታል። እርም ማውጣት ይባላል። እናቴ ግን እምቢ አለች። ልብሱን በየሳምንቱ አጥባ ታሰጣለች። ማንም ሳይለብሰው በእጥበት ብቻ ያለቀ ሸሚዝ ያየሁት የእሱን ነው።

ባለፈው ጳጉሜ ነገሩን ልቋጨው ወሰንኩ። ለእሷ ብዬ ነው አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር የደከመኝ እኔ ነኝ። ሳልነግራት የእድሩን ዳኛ አነጋግሬ ለጳጉሜ አምስት ቀን የለቅሶ ድንኳን አስያዝኩ። ገበያ ላይም እንዲሁ ነው፤ ሰውየው እምቢ እንዳይል መጀመሪያ ዕቃውን ታስጭነዋለህ። የማሳመኑን ነገር ለንስሐ አባታችን ተውኩት።

በሩፋኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ይዣቸው ሄድኩ። ይዘንባል። እናቴ የሩፋኤልን ዝናብ ለመጠመቂያ በሳፋ እያጠራቀመች ነበር። በዕድሜ ብትበልጣቸውም አባ «ልጄ» ነው የሚሏት።

«ልጄ፣ የሰማይና የምድር ንጉሥ እንኳ የእሾህ አክሊል ደፍቶ ተሰቅሏል። እናቱም ከመስቀሉ ሥር አልቅሳለች። አንቺም አልቅሺና አዲሱን ዓመት በሰላም ተቀበዪው።»

«እሷማ ሲሞት አይታ ነው፣ አባ። እኔ ምን አይቼ ላልቅስ? ሸሚዙን?»

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ «ድንኳኑኮ ተይዟል» አልኩ።

ዞራ አየችኝ። «ማን ሞተና?»

ወደ አባ ተመለሰች።

«ዛሬ ምን ሲሰብኩ ዋሉ፣ አባ?»

«ያው በጳጉሜ የጌታን ምጽአት ነው። ንጉሡ በክብር ይመጣል።»

«መቼ?»

«ቀኑንማ ማን ያውቃል!»

«ከእርስዎ በፊት የነበሩትም ይመጣል እያሉ አረጁ። ንጉሡ ዘገየ፣ እርሙን እናውጣ ያለ ቄስ አለ?»

አባ ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «እሱ ሌላ፣ ይኼ ሌላ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ዋጋ ሊቀንስ የተዘጋጀ ነጋዴ ድምፅ ነበር።

«ልዩነቱን አላጣሁትም። ያ ጌታ ነው፣ ይኼ ልጄ ነው። መጠበቁ ግን ያው መጠበቅ ነው።» ከዚያ ለእኔ፣ «አንተ ከከበደህ እዚሁ አልቅስ፤ እኔ አለሁ። እሱን ግን አትግደልብኝ» አለች።

አለቀስኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ቄስ ፊት። አባ ዝናቡን የሚያዩ መስለው ወደ ደጅ ዞሩ። እሷ አላለቀሰችም።

ንጉሥ ሲባል እኔ የሚታየኝ መንገድ አዘግቶ የሚያልፍ ሰው ነው። መርሳ አስፋልት ዳር ናት፤ ትልቅ ሰው ሲያልፍ መጀመሪያ የሚነሳው የእኛ ዕቃ ነው። የተገረፈና የተተፋበት ንጉሥ ለምን እንደሚሰገድለት ግን፣ ስሰግድለት ኖሬም አልገባኝም ነበር። መንገድ አዘግቶ የሚያልፈው ለእናቴ ምን ያደርግላታል? የተገረፈው ቢያንስ ቤቷ ገብቶ መቀመጥ ይችላል። ይህ ገባኝ፤ ቢገባኝም ግን አላሳረፈኝም። እሷ እየጠበቀች ነው፤ እኔ በልቤ ከቀበርኩት ቆይቻለሁ፣ እሷም ይህን ታውቃለች።

በማግስቱ የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄጄ «ድንኳኑ ይቅር» አልኳቸው።

ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ፊታቸው በራ። «መጣ እንዴ?»

«አልመጣም፣ አባባ።»

ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ደስታቸውን ያጠፋሁት እኔ ነኝና ጥያቸው መሄድ አልሆነልኝም፤ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።