አማርኛ ተናጋሪው ውሻችን

ቤታችን ውስጥ በአማርኛ አፉን የፈታ አንድ ፍጡር ብቻ ነበር፤ እሱም ውሻው ነው።

ያመጣው ሰርቪስ ቤታችንን ተከራይቶ የነበረ ሐኪም ነው። ከሰሜን ወደ ሶዶ ተመድቦ ሲመጣ ቡችላውን አቅፎ መጣ። ዝውውሩ ሲሳካለት ግን ቡችላው ጥጃ አክሎ ነበር፤ የትኛው ሹፌር እሺ ብሎ ይጭነዋል? ለእናቴ አደራ ብሎ ሄደ። እናቴና እኔ የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው። የእኔ አማርኛ ለማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው፤ የእሷ ደግሞ ለገበያ ይበቃታል እንጂ ወንድና ሴት አይለይም። ውሻውን «ነይ» ትለዋለች፤ እሱም ቅር ሳይለው ይመጣል። ከጎረቤት ጋር በወላይትኛ ስታወራ ቆይታ ወደ እሱ ስትዞር ድምጿን ሞረድ አድርጋ አማርኛ ትጀምራለች። ቢሮ የገባች ነው የምትመስለው።

የውሻው ሥራ እናቴን ለማለዳ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ማድረስ ነበር። ጎህ ሲቀድ፣ የዳሞታ ተራራ ጉም ገና ከሰፈሩ ሳይነሳ፣ ነጠላዋን ስትከናነብ እሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተጋድሞ ይቆይና ጸሎቱ ሲያልቅ ይዟት ይመለሳል። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያለ ስጋት የምትወጣው በእሱ ነው። እኔም በእሱ ተማምኜ እንቅልፌን እለጥጥ ነበር።

እርጅናው ቀስ ብሎ ገባ። መጀመሪያ አፍንጫው ዙሪያ ሸበተ። ቀጥሎ የኋላ እግሮቹ እምቢ አሉ፤ ፊቱ ተነስቶ ኋላው ይዘገያል። በጊፋታ፣ በአዲስ ዓመታችን፣ የቅርጫውን በሬ አጥንት ስንሰጠው ልሶ ተወው። የጎረቤት ውሻ ገብቶ ሲወስድበት ዝም ብሎ አየው። ያን ቀን አንጀቴን በላኝ።

ከዚያ መታዘዝ ተወ። እናቴ ከደጃፍ ሆና «ነይ» ብትል፣ ደግማ ብትል፣ ዘወር አይልም። እኔ ናቀን ብዬ ተናደድኩ። እሷ ግን ሌላ ነገር ነው የታያት።

«አማርኛው ጠፍቶበት ነው» አለችኝ። «አክስትሽን አታስታውሻትም?»

አክስቴ አዲስ አበባ ስትነግድ የኖረች፣ በአማርኛ ተከራክራ የማትረታ ሴት ነበረች። አርጅታ ስትመለስ አማርኛው እንዳለ ሄደና የልጅነት ቋንቋዋ ብቻ ቀረላት። እኛ አገር እንዲህ የሆኑ ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው፤ በኋላ የተማሩት ቀድሞ ይሄዳል።

«እማዬ፣ እሱ እኮ አፉን የፈታው በአማርኛ ነው። ከጠፋበትም የሚጠፋበት ወላይትኛው ነው» አልኳት።

«አንቺ መቼም መምህር ነሽ» አለችና በወላይትኛ ታናግረው ጀመር። የሚገርመው፣ ታዘዛት። ተነስ ስትለው ተነሳ፤ ብላ ስትለው በላ። እሷም ስታሾፍብኝ ሰነበተች።

ነገሩ የገባኝ አንድ ማለዳ አብሬያቸው ስሄድ ነው። ከኋላችን ባጃጅ ጥሩምባውን እያንባረቀ መጣ። እኛ ዳር ያዝን፤ እሱ መሀል አስፋልት ላይ ተረጋግቶ መራመዱን ቀጠለ። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ ለጥቂት ሳተው። ውሻው የደነገጠው ባጃጁ ጎኑ ላይ ሲቆም አይቶ ነው። ደንቁሯል፤ ጨርሶ አይሰማም።

ቤት ስንመለስ እናቴን ልብ ብዬ አየኋት። በአማርኛ ታዘው የነበረው ደጃፍ ቆማ ነው። በወላይትኛ የምታወራው ግን አጠገቡ ቁጢጥ ብላ፣ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ነው፤ በልጅነቴ እኔን ስታባብለኝ እንደምታደርገው። የገባው ቃሏ ሳይሆን እጇ ነበር። ስነግራት «ቢሆንም ገብቶታል» አለች።

ከዚያ ወዲህ ክርክራችን መንገዱ ሆነ። እኔ አይውጣ፣ ባጃጅ ይበላዋል አልኩ። እሷ እሱ ካልወጣ እኔም አልወጣም አለች። በመጨረሻ አሮጌ መቀነቷን አንገቱ ላይ አስራ፣ አጥር አጥሩን ይዛ፣ በእሱ እርምጃ ልክ ትወስደው ጀመር። ጸሎቱ ሲጋመስ ይደርሳሉ። እኔም አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ሲመለሱ የበሩን ድምፅ ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ማለዳ መነሳት አቃተው። ውሃም እምቢ አለ። የጠራነው የእንስሳት ሐኪም ዳሰሰውና «እየተሠቃየ ነው፣ በመርፌ ቢያርፍ ይሻላል» አለን። እናቴ ነጠላዋን እንደተከናነበች ነበረች። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

አጠገቡ ቁጢጥ አለች፤ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። ወላይትኛዋን ስጠብቅ በዚያ በገበያ አማርኛዋ ጀመረች።

«ነይ፣ የኔ ቆንጆ። ነይ፣ እንሂድ።»

«እማዬ፣ አይሰማም እኮ» አልኳት፤ እንባዬ ቀድሞኝ ወርዶ ነበር።

«አውቃለሁ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል። «አክስትሽን ስንሸኛት በራሷ ቋንቋ ነው ያናገርናት። እሱንስ?»

ሐኪሙ መርፌውን ይዞ እስክትጨርስ ጠበቃት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጫማዬን አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች። መቀነቱ እጇ ላይ ነበር፤ ለምዶባት ይዛው ወጥታለች። መቀነቱን አየች፤ እኔን አየች።

«ነይ» አለችኝ፣ በአማርኛ።