ለእንቁጣጣሽ የሚያብበው ሩዝ

ልጄ ሩዝ ታዳቅል ነበር። ወረታ አጠገብ ባለው የሙከራ ማሳ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ያልተከፈቱትን አበቦች ጫፍ በመቀስ ትቆርጣለች፤ የአበባውን ወንዴ ክፍል በወረንጦ ለቅማ ታወጣና ዘለላውን በወረቀት ትሸፍናለች። በማግስቱ ረፋድ ላይ የሌላውን ዝርያ አበባ ታራግፍበታለች።

ለምን ይህን ያህል እንደምትደክም ስጠይቃት፣ "እማዬ፣ ሩዝ ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው። ሌላ እንዲያገባ ከተፈለገ በመቀስ ነው" አለችኝ።

"እንዳንቺ ነዋ። ላንቺስ መቀሱን ማን ይያዝልሽ?" አልኳት። ሳቀች። አላገባችም ነበር።

የምትፈልገው ቀድሞ የሚያብብ ሩዝ ነበር። የእኛ ሩዝ ከመስቀል በኋላ ነው የሚያብበው፤ ውሃው ቶሎ ከሸሸ ወይም የጥቅምት ብርድ ካገኘው ገለባ ሆኖ ይቀራል። ከብዙ ዓመት በኋላ አንዱ ለእንቁጣጣሽ አበበላት። ምርቱ ያንሳል ተብሎ ከሙከራው ሲወጣ፣ ያላትን ዘር ሁሉ እኔ በምኖርበት በቁሐር ሚካኤል፣ ከቤቴ አጠገብ ካለው መሬት ዘራችው። ያጨደችውን በአንድ ከረጢት ጓዳ አስቀመጠች። ሌላ ዘር አልነበረም። ለክረምቱ ልትዘራው አስባ በጥር ታማ ሞተች።

ለአርባዋ ጎረቤቶች እህል ሲያሰናዱ አንዷ መጣችና "እትዬ፣ ይህ የጓዳው ሩዝስ ይጨመር ይላሉ?" አለችኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀምጬ ነበር።

"ለእሷ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው? ጨምሩት" አልኩ። የትኛውን ከረጢት እንዳነሳች ቀና ብዬ አላየሁም። ተፈትጎ ከጤፍ ጋር ተፈጨ። ካህናቱም ድሆቹም በሉ፤ መረቁኝ።

ሰኔ ላይ የሥራ ባልደረባዋ ዘሩን ሊወስድ መጣ። የሆነውን ነገርኩት። እሱም "ከሁለቱ ወላጆች እንደገና ማዳቀል ይቻላል፣ እማማ። ያው ዝርያ ግን አይወጣም" አለ።

እሱ ሲሄድ ጓዳውን ጠረግሁ። ከግድግዳው ሥር ያልተፈተገ አሥራ ሰባት ፍሬ አገኘሁ። የቤቱ ሩዝም እዚያው ነበር የሚቀመጠው። አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ዘርቼ ደጃፌ ላይ አኖርኩት። ነሐሴን ሙሉ ጠዋት ጠዋት አየሁት። እንቁጣጣሽ መጣ፤ ቅጠል ብቻ ነበር። መስቀልም አለፈ። ከሳምንት በኋላ ከጎረቤቴ ማሳ ጋር በአንድ ቀን አበበ።

ሲደርስ አጨድኩት፤ ከቤቱ ሩዝ ጋር ቀላቀልኩት።