ሳይገባ የቀረ ጥላ

እኔ ድሮም ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይሆንልኝም። ዘንድሮ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሜ አንዴ በቀኝ እግሬ አንዴ በግራ እግሬ ስቆም ባለቤቴ አልማዝ «አንተ ሰውዬ፣ ጉንዳን ገባብህ እንዴ?» አለችኝ። ልጃችን ትዕግሥት ናዝሬት ሆስፒታል ከተኛች አራተኛ ቀኗ ነበር። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፤ ሐኪሞቹ ከአልጋ እንዳትወርድ ብለዋታል። ሁለታችንም የምናስበው ስለ እሷ ነው፤ የምናወራው ግን ስለ ሌላ ስለ ሌላ ነበር።

በድምፅ ማጉያው የስለት ዕቃ ጨረታ ይጮኻል። አንድ ዲያቆን ወርቃማ ዘርፍ ዙሪያውን የተንጠለጠለበት ቀይ የከፋይ ጥላ ከፍ አድርጎ እያዞረ ያሳየናል። አልማዝ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና ለልጅቷ ብለህ እጅህን አውጣ፣ ተጫርተን መልሰን ለሚካኤል እንስጠው አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ እጄ ከኪሴ ወጥቶ እስከ ደረቴ ደርሶ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ልጆች ቆሻሻ ሰብስበው ኅዳርን ያጥኑ ነበርና ጭሱ በነፋስ መጥቶ አፈነን። የተቃጠለ ላስቲክ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የአሮጌ ሰሌን ሽታ። እጄ እዚያው ደረቴ ላይ ቀረ።

ያን ሽታ ከመርካቶ ነው የማውቀው። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ቤታችን ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ መርካቶ ሽቅብ ሲሉ ከሚገኙት ቅያሶች በአንዱ ውስጥ ነበር። እናቴ ብርቄ እኔንና ታላቅ ወንድሜን አስፋውን ብቻዋን ነው ያሳደገችን። አስፋው ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ደብዳቤው ከጠፋ ደግሞ ዘጠኝ ወር። በእነዚያ ዘጠኝ ወራት እናቴ ያልተሳለችለት ታቦት አልነበረም። ለአንዱ ጧፍ፣ ለአንዱ ዘቢብ፣ ለአንዱ መጋረጃ። ለሚካኤል ግን ትልቁን ነበር የተሳለችው፤ የልጄን ወሬ ካሰማኸኝ በዓመት በዓልህ ባለ ዘርፍ ጥላ አገባልሃለሁ አለችው።

ወሬው በጥቅምት መጨረሻ መጣ። አንድ ቁስለኛ ወታደር በክራንች እያነከሰ ቤታችንን አፈላልጎ አራት ጊዜ የታጠፈች ወረቀት ሰጠን። አስፋው ቆስሎ ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል። የጻፈው ጥቂት መስመር ነው፤ የመጨረሻዋ «እማዬ፣ ብትመጪ ደስ ይለኛል» ትላለች። እኔ እናቴ በማግስቱ የምትነሳ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ስለቴን ሳላገባ እግሬን አላነሳም አለች። ወሬውን ያሰማኝን ረስቼ ብሄድ መልሶ ቢወስድብኝስ ትላለች። የልጇን ፊት ለማየት እህል አልዋጥ እያላት፣ ጥላውን ፈርታ ሁለት ሳምንት ቆየች። ያኔ ይኼ እንግዳ ነገር ነው ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነበር። እኔም ጭምር።

እኔ በዚያን ጊዜ ማትሪክ ወድቄ የተቀመጥኩ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነኝ። አፈሳው ደግሞ የተጧጧፈበት ወቅት ነው፤ ቀበሌው ኮታውን ለመሙላት ወጣት የተባለውን ከመንገድ ላይ እየለቀመ ይጭናል። አምስት ሳምንት ሙሉ ከቆርቆሮው ሥር ካለው ቆጥ ላይ ተጋድሜ ከረምኩ። ቀን ቆርቆሮው ያነድደኛል፣ ማታ ብርዱ ያንቀጠቅጠኛል። ከታች ሰው ሲገባ ማስነጠስ እንኳ ክልክል ነው። አበድኩ ማለት ይቻላል። መርፌ ግዛ ብሎ የሚልከኝ ባገኝ እልል ብዬ የምወጣበት ሰዓት ነበር።

ጥላውን የሚሠሩት ጋሼ ሰይድ ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ከሶማሌ ተራ ጀርባ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ ጥላ ይሰፋሉ። እስላም ናቸው፤ ይሁን እንጂ ዘርፍ በመሥራት እሳቸውን የሚያህል ስላልነበረ ቄሶቹ ሳይቀሩ የሚመጡት እሳቸው ዘንድ ነው። ለኅዳር አሥራ አንድ ይደርሳል ብለው ነበር፤ ዘርፉ አላልቅ አለና ለአሥራ ሁለት ጠዋት ተላለፈ። አሥራ ሁለት ደግሞ በዓሉ ራሱ ነው። ሱቁ በአንድ ወገን፣ ቤተ ክርስቲያኑ በሌላ ወገን፤ የእናቴ ጉልበት ያንን ሁሉ ዞሮ ታቦት ሳይወጣ አይደርስም። ስለት ደግሞ በባዳ እጅ አይገዛም ባይ ናት። እኔ ከቆጡ ላይ ተንደርድሬ ወረድኩና አንቺ ሄደሽ ታቦቱን ጠብቂ፣ እኔ ይዤልሽ እመጣለሁ አልኳት። አመነታች። በሚካኤል ቀን አያፍሱም አልኳት። ይኼን ማን እንደነገረኝ አላውቅም፤ እኔው ነኝ የፈጠርኩት። እሷም ልታምነው ስለፈለገች አመነችው።

ስወጣ ከተማው በጭስ ተሸፍኗል። የየደጁ ቆሻሻ ተቆልሎ ይጨሳል፤ የዓመቱ በሽታ በዚያ ጭስ ይወጣል ይባላል። ከአምስት ሳምንት በኋላ መሬት ስረግጥ እግሬ እንደ ጥጃ ነው የፈነጨው። አንዲት ሴትዮ የምትሸጠውን ትኩስ አምባሻ ሽታ ሁሉ አስታውሳለሁ። ጋሼ ሰይድ ሲያዩኝ ደነገጡ። «አንተ ልጅ፣ በዚህ ቀን ማን ውጣ አለህ? ወዲያ ማዶ የታፈሰ የሚጭን ኦራል መኪና ቆሟል ይላሉ። ግባና ከጨርቁ ኋላ ቁጭ በል» አሉኝ። ቢገባኝ ኖሮ ቁጭ እል ነበር። ታቦቱ ሊወጣ ነው፣ ስለቱ ሊቀር ነው፣ አስፋው ሊሞት ነው፤ በራሴ ውስጥ የሚጮኸው ይኼ ብቻ ነበር። ጥላውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ በጓሮ በኩል ወጣሁ።

ሠላሳ እርምጃ አልሄድኩም። ሕዝቡ ከፊቴ ድንገት ወደ ኋላ ዞሮ ሲሮጥ ነገሩ ገባኝ። ለካ የሚያፍሱት ሰው በሚበዛበት ቀን ነው። ስዞር አንድ የቀበሌ ጥበቃ የጥላውን ጫፍ አንቆ ያዘ። የእኔ እኩያ ነው፤ ግንባሩ በላብ ርሷል። እሱ በወዲያ ይስባል፣ እኔ በወዲህ እስባለሁ። ጋዜጣው ተቀደደና ቀዩ ከፋይ ወጣ።

«የሚካኤል ስለት ነው! ልቀቀኝ!» አልኩት።

«እንግዲያው ሚካኤል ራሱ መጥቶ ይውሰደው» አለኝ።

ብይዘው ኦራሉ ላይ ነኝ፤ ብለቀው አስፋው ይሞታል። እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ሳልወስን እጄ ለቀቀው። ልጁ ጥላውን እንዳቀፈ በጀርባው ወደቀ፤ እኔም ጭሱ ውስጥ ገባሁ። እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም የለቀቅኩት እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ስሞግት ኖርኩ!

እግሬ ምን አለሽ ተራ አደረሰኝ። በዓሉን የማያከብር ይሁን ማክበር ያልቻለ እንጃ፣ አንድ ሰውዬ በርሜል ይቀጠቅጣል። አየኝ፤ አልጠየቀኝም። ግማሽ በርሜል አንስቶ ደፋብኝና በላዬ ላይ መቀጥቀጡን ቀጠለ። አንድ ሰዓት ይሁን ሁለት ሰዓት አላውቅም፣ መዶሻው በአናቴ ላይ ሲወርድ ጥርሴ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግራ ጆሮዬ ከዚያ ወዲህ ደህና አይሰማም። አልማዝ ግን መስማት የማልፈልገውን ሲሆን ብቻ ነው የሚደነቁረው ትላለች።

እናቴ ቤት የገባችው ከእኔ በኋላ ነው። በሩ ላይ ቆመች፣ አየችኝ፣ መጥታ ከራስ ጠጉሬ እስከ እግሬ ዳሰሰችኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ሌላ እናሠራለን፣ ለታኅሣሥ ሚካኤል ይደርሳል እያልኩ እንደ እብድ ለፈለፍኩ። እሷ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አውርዳ ጭኗ ላይ እያጠፈች ተናገረች።

«ታቦቱ ሲወጣ ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መንገድ መንገዱን ነበር የማየው። ሲገባም አላየሁትም። ለሚካኤል ጥላ ልዘረጋ ብዬ አንተን ሜዳ ላይ ጣልኩህ። ማን አዘዘኝ? እሱ አላዘዘኝም። እኔው ነኝ ራሴን ያዘዝኩት።»

ማምሻውን ጋሼ ሰይድ ወሬውን ሰምተው መጡ። ከሱቄ የተነጠቀ ያህል ነው፣ ሌላ እኔ በነፃ እሠራልሻለሁ አሏት። እናቴ እግዜር ይስጥልኝ ብላ «ጥላው ይቅር፣ ጋሼ ሰይድ። ደሴ የሚሄድ የጭነት መኪና ያውቃሉ?» አለቻቸው። እኔ ደነገጥኩ፤ ስለቱስ አልኳት። «ሚካኤል ደሴ መሄዴን ያውቃል» አለች። በሁለት ቀን ውስጥ የይለፍ ወረቀቷን ከቀበሌ ለምና አወጣች፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጠረች፣ በጋሼ ሰይድ ዘመድ መኪና ተሳፍራ ሄደች።

እኔ ወደ ቆጤ ተመለስኩ። እሷ ትታው የሄደችውን ፍርሃት እኔ ወረስኩት። ጥላውን የለቀቅኩት እኔ ስለሆንኩ ዕዳው የእኔ ነው ብዬ በየሌሊቱ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ እላለሁ፣ በጣቴ እየቆጠርኩ። ሃያ ዘጠኝ ላይ፣ ሠላሳ ሦስት ላይ ይጠፋብኛል። እንደገና ከአንድ። አርባ ብል ይሞታል፤ አርባ ሁለት ብል ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ጎሕ ሲቀድ አፌ ደርቆ እንቅልፍ ይወስደኛል። ጸሎት ነው ይባል ይሆናል፤ እኔ ግን በዚያ ሁሉ ቁጥር ውስጥ እግዚአብሔርን አንድ ጊዜ እንኳ ያሰብኩ አይመስለኝም።

እናቴ ታኅሣሥ ከገባ በኋላ ጥቁር ለብሳ ተመለሰች። አስፋውን በሕይወት ደርሳበታለች። አውቋታል፣ ስቆላታል፣ ዘጠኝ ቀን አብራው አድራለች። ወተት በማንኪያ ታጠጣው ነበር። «ጾም ገብቶ ነበር። የተረፈውን እንዳይደፋ እኔ ጠጣሁት» አለችኝ፤ ይኼን ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ጸጸት ፈልጌ አጣሁ። በዘጠነኛው ቀን ራሱን ጭኗ ላይ እንዳደረገ ሞተ።

ለቅሶው ላይ ነው እንግዲህ። ጎረቤታችን እትዬ ተዋቡ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ደረቷን እየመታች ስታለቅስ ቆይታ «ምነው ያ ስለት ባልቀረ ኖሮ!» አለች። አንዳንዱ ዓይኑን ወደ እኔ ሰረቀ። ስጠብቀው የነበረው ፍርድ መጣ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እናቴ ማልቀሷን አቁማ ቀና አለች።

«ተዋቡ፣ ሚካኤልን እንዲህ አትሚብኝ። ጥላ ቀረብኝ ብሎ ልጅ የሚነጥቅ ከሆነ ከቀበሌው በምን ተለየ? ልጄን የገደለው ጥይት ነው። ስለቴን ላግባ ብዬ የቆየሁት ሁለት ሳምንት ነው የሚቆጨኝ፤ ያን ያህል ቀን አብሬው እሆን ነበር። ይኼኛውን ልጄን ደግሞ በጥላ እንዳታስሩብኝ።»

ስለ ቀበሌው ያለችውን ሰምተው ሁለት ሰዎች በሩን ገልመጥ አድርገው አዩ። እትዬ ተዋቡ ተነስታ መጥታ አቀፈቻት፤ ተላቀሱ። እኔ ከዚያ ቤት ወጥቼ ጓሮ ሄድኩና አፈሳውንም ረስቼ እንደ ሕፃን ጮኼ አለቀስኩ።

እናቴ እስክትሞት ቤተ ክርስቲያን መሳሟን አልተወችም። ትጾማለች፣ ታስቀድሳለች፤ ግን ከዚያ በኋላ ይኼን ብታደርግልኝ ያን አደርግልሃለሁ ስትል ሰምቻት አላውቅም። እጇን ዘርግታ ትቆማለች፣ የምትለውን ትላለች፣ ትመጣለች። ብርቄ ጴንጤ ሆነች ተብሎም ተወርቶ ነበር፤ ስትሰማ ሳቀች። የታመመ ጎረቤት ካለ ቅዳሴውን ትታ ሾርባ ይዛ የምትሄደው እሷ ነበረች። እሷ በአንድ ቀን የወጣችበትን እኔ በሠላሳ ዓመት አልጨረስኩትም። አሁንም በር ስዘጋ ሦስት ጊዜ የማማትበው ሁለት ብቻ ከሆነ ቀኑ ይበላሽብኛል ብዬ ነው።

ለዚህ ነው እጄ ደረቴ ላይ የቀረው። ዲያቆኑ «አንደኛ ጊዜ!» ሲል ወደ አልማዝ ዞሬ እንሂድ አልኳት። የት አለችኝ። ናዝሬት አልኳት።

«ታቦቱ ሳይገባ?» አለች።

«ሳይገባ።»

ታሪኩን ታውቀዋለች። ነጠላዋን አስተካከለችና ቀድማኝ ወጣች፤ ቤት ደርሰን ለልጅቷ ወተትና አጥሚት በፔርሙዝ ያዝን። አውቶቡሱ ሞጆን ሲያልፍ አልማዝ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ቁልቁል ሳይ ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ሳላውቀው እየቆጠርኩ ነው፤ እግዚኦ፣ እግዚኦ። ሃያ ዘጠኝ ላይ አንድ ከባድ መኪና ጡሩንባውን ነፍቶ አጠገባችን ሲያልፍ ቁጥሩ ጠፋብኝ።

እንደገና አልጀመርኩም።